አደጋ በደረሰበት ዓመት የሩብ ዓመት ታክስ፦ ማዘግየት፣ በቀኑ መክፈል ወይስ ቅጣት ማስነሳት?

አሜሪካ ሆናችሁ ኡበር የምትነዱ፣ የራሳችሁ ትራክ ያላችሁ፣ ሬስቶራንት ወይም ትንሽ ሱቅ የከፈታችሁ ሁሉ በዓመት አራት ጊዜ ለፌደራሉ የታክስ መሥሪያ ቤት ለአይአርኤስ የምትልኩት ገንዘብ አለ። ኢስቲሜትድ ታክስ ይባላል። ለደሞዝተኛ አሠሪው እየቆረጠ ይልክለታል። ለራሱ የሚሠራ ሰው ግን አስልቶ የሚልከው ራሱ ነው። ሳይልክ ከቀረ፣ ወይም አሳንሶ ከላከ፣ ቅጣት አለው።

ታዲያ አውሎ ነፋስ፣ ጎርፍ ወይም ሰደድ እሳት ሲመጣ ወሬው ይደበላለቃል። አንዱ «ዘንድሮ ታክስ የለም ተባለ» ይላል። ሌላው «ቀኑ ብቻ ነው የተገፋው» ይላል። ሦስተኛው «ደብዳቤ ጽፈህ ቅጣቱን ማስነሳት ትችላለህ» ይላል። ሁለተኛው ሰው ብዙውን ጊዜ ልክ ነው። ሦስተኛውም በቦታው ልክ ነው። የመጀመሪያው ግን ሰው ዕዳ ውስጥ ይከታል። ይህን የምጽፈው በዚያ ወሬ የተነሳ ገንዘባቸውን ለሌላ ነገር አውጥተው ቀኑ ሲደርስ የሚጨነቁ ወገኖች ስላሉ ነው።

በመጀመሪያ ቅጣቱ ራሱ ምንድን ነው?

ብዙ ሰው ሲፈራው ከሚያስበው ያነሰ ነው። የሚሰላው እንደ ወለድ ነው። ያልከፈላችሁት ገንዘብ ሳይከፈል በቆየበት ቀን ልክ ይታሰባል። መጠኑ ከኦክቶበር 2023 እስከ 2024 መጨረሻ በዓመት 8 በመቶ ነበር። በ2025 ወደ 7 በመቶ ወረደ። በኤፕሪል መክፈል የነበረባችሁን 2,000 ዶላር በኦክቶበር ብትከፍሉ፣ ለስድስት ወር 70 ዶላር ገደማ ነው።

የመክፈያ ቀኖቹ ኤፕሪል 15፣ ጁን 15፣ ሴፕቴምበር 15 እና የሚቀጥለው ዓመት ጃንዋሪ 15 ናቸው። ቀኑ ቅዳሜ፣ እሁድ ወይም በዓል ላይ ከዋለ ወደሚቀጥለው የሥራ ቀን ይገፋል። እያንዳንዱ ቀን ለብቻው ይሰላል። ጃንዋሪ ላይ ጠቅልሎ መክፈል የኤፕሪሉን መዘግየት አያጠፋም።

ከቅጣቱ ጨርሶ የሚያድኑ በሮችም አሉ። ተቆርጦ የተላከላችሁ ታክስ ተቀንሶ የሚቀርባችሁ ዕዳ ከ1,000 ዶላር በታች ከሆነ ቅጣት የለም። የዘንድሮውን ታክስ 90 በመቶ፣ ወይም ያምናውን ታክስ 100 በመቶ በአራቱ የመክፈያ ቀኖች ከፋፍላችሁ ከከፈላችሁም የለም። ያምናው የተስተካከለ ገቢያችሁ ከ150,000 ዶላር በላይ ከነበረ 100 የሚለው 110 ይሆናል። ይህን ሴፍ ሃርበር ይሉታል።

አንድ ነገር ልብ በሉ። አይአርኤስ «ለመጀመሪያ ጊዜ ስለሆነ ይቅር ብለናል» የሚልበት አሠራር አለው። ያ አሠራር ዘግይቶ ለማስገባትና ዘግይቶ ለመክፈል ቅጣት እንጂ ለኢስቲሜትድ ታክስ ቅጣት አይሠራም። ስልክ ደውላችሁ በዚያ መንገድ ብትለምኑ ቀናችሁን ነው የምታባክኑት።

አማራጮቹን በምን እንመዝናቸው?

እኔ አምስት ጥያቄ እጠይቃለሁ። ካውንቲያችሁ በአይአርኤስ ማስታወቂያ ላይ በስም ተጠቅሷል ወይ? የመክፈያ ቀናችሁ ማራዘሚያው ከጀመረበት ቀን በኋላ ነው የዋለው? ገንዘቡ በእጃችሁ አለ ወይ? ከአደጋው በኋላ ገቢያችሁ ወረደ፣ ወጣ ወይስ እንደነበረ ነው? በቤት ውስጥ ደሞዝ የሚቆረጥለት ሰው አለ?

የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ካልተመለሱ ሌላው ሁሉ ግምት ነው። ስለዚህ እነሱ ላይ ትንሽ እንቆይ።

አማራጭ 1፦ የተራዘመውን ቀን መጠቀም

የፌደራል መንግሥት አንድን አካባቢ የአደጋ ቀጠና ብሎ ሲያውጅ፣ አይአርኤስ እዚያ የሚኖሩ ወይም ሥራቸው እዚያ የሆነ ሰዎችን የመክፈያ ቀን ይገፋል። ማመልከቻ አይፈልግም። በመዝገቡ ያለውን አድራሻችሁን አይቶ በራሱ ያደርገዋል። ቤታችሁ መቃጠል ወይም በጎርፍ መወሰድ የለበትም። ካውንቲው መጠራቱ ይበቃል።

የሎስ አንጀለሱን እንይ። በጃንዋሪ 2025 እሳቱ ፓሊሴድስንና አልታዲናን ነው ያወደመው። ማራዘሚያው ግን ለመላው የሎስ አንጀለስ ካውንቲ ነበር። ፌርፋክስ ላይ ሊትል ኢትዮጵያ ምግብ ቤት ያለው ሰውም፣ ኤርፖርት ታክሲ የሚነዳውም ተካቷል። ከጃንዋሪ 7 በኋላ የሚውሉ ቀኖች በሙሉ ወደ ኦክቶበር 15, 2025 ተገፉ። በዚህ ውስጥ የጃንዋሪ 15፣ የኤፕሪል 15፣ የጁን 16 እና የሴፕቴምበር 15 ክፍያዎች አሉ። አራት ክፍያ፣ ከዚያ ላይ የ2024 ታክስ ቀሪ ዕዳ፣ ሁሉም በአንድ ቀን።

አሁን ሒሳቡን በቅርብ እንየው። በየሩብ ዓመቱ 2,000 ዶላር የሚከፍል ሾፌር እንበል። ምንም ሳይከፍል ከቆየ ኦክቶበር 15 ላይ 8,000 ዶላር ይጠበቅበታል፤ ያምናው ቀሪ ሲጨመር ከዚያ በላይ። በዚያ ቀን ከከፈለ ቅጣቱ ዜሮ ነው። ማራዘሚያው ባይኖር ኖሮ ለ2025ቱ ሦስት ክፍያዎች (የጃንዋሪው የ2024 ነው) የሚደርስበት ቅጣት 128 ዶላር ገደማ ነበር። ስለዚህ በእነዚህ ሦስት ክፍያዎች ማራዘሚያው ያተረፈለት 128 ዶላር ነው። ያከማቸበት ደግሞ፣ የጃንዋሪው ሲጨመር፣ 8,000። ከሦስት ወር በኋላ ጃንዋሪ 15, 2026 ላይ ደግሞ የመጨረሻው ክፍያ ይመጣል፤ እሱ አልተገፋም።

ይህን የምለው ማራዘሚያውን ለማጣጣል አይደለም። ሥራው ለቆመበት ሰው ስምንትና ዘጠኝ ወር መተንፈሻ ትልቅ ነገር ነው። ገቢው ያልተነካ ሰው ግን ዕቁብ እንደሚጥል ሰው ገንዘቡን በየጊዜው ለብቻ ካላስቀመጠ፣ ማራዘሚያው ራሱ ወጥመድ ይሆንበታል።

ሁለተኛው ጥያቄ የመነሻው ቀን ነበር። የጆርጂያው ጥሩ ማሳያ ነው። ሄሊን የተባለው አውሎ ነፋስ በሴፕቴምበር 2024 ሲመታ፣ መላው የጆርጂያ ግዛት እስከ ሜይ 1, 2025 ተራዘመለት። አትላንታም ገባች። ማራዘሚያው የጀመረው ግን ሴፕቴምበር 24 ነው። የሦስተኛው ሩብ ዓመት መክፈያ ቀን ደግሞ ሴፕቴምበር 16 ነበር። ስምንት ቀን ቀድሞ አልፏል። ስለዚህ የሴፕቴምበሩን ያልከፈለ የአትላንታ ሰው በሄሊን ማራዘሚያ ለዚያ ክፍያ አልዳነም። የተገፉለት የጃንዋሪ 15 እና የኤፕሪል 15 ክፍያዎች ናቸው። የኤፕሪሉ የተገፋው ደግሞ በ16 ቀን ብቻ ነው። «ጆርጂያ ተራዝሟል» የሚለው ወሬ ይህን አይነግራችሁም።

በሂዩስተን በኩል ቤሪል የተባለው አውሎ ነፋስ ሲመጣ ማራዘሚያው ከጁላይ 5, 2024 እስከ ፌብሩዋሪ 3, 2025 ነበር። እዚያ የሴፕቴምበሩም የጃንዋሪውም ክፍያ ውስጥ ገብቷል። በአንድ ዓመት፣ በሁለት ከተማ፣ ለአንድ ዓይነት ክፍያ መልሱ ይለያያል። ለዚህ ነው የሌላ ስቴት ዘመድ ምክር የማይሠራው።

በዚህ አማራጭ ጥቂት ጥንቃቄዎች አሉ።

ቀድሞ በኮምፒውተር ቀጠሮ የያዛችሁለት ክፍያ በራሱ አይቆምም። ከባንክ እንዳይወጣ ከፈለጋችሁ፣ ከቀኑ ቢያንስ ሁለት የሥራ ቀን ቀድማችሁ ራሳችሁ ሰርዙት።

ማራዘሚያ ላይ እያላችሁ የዕዳ ደብዳቤ ሊመጣ ይችላል። በ2023 ለብዙ የካሊፎርኒያ ሰዎች «በ21 ቀን ውስጥ ክፈሉ» የሚል ደብዳቤ ሄዶ፣ በኋላ አይአርኤስ ራሱ የተራዘመው ቀን እንደሚሠራ በይፋ ተናግሯል። ደብዳቤውን አትጣሉት። ደንግጣችሁም አትክፈሉ። ቅጣት ከተጻፈበት፣ ደብዳቤው ላይ ባለው ስልክ ደውላችሁ አስነሱት።

ቤት ከቀየራችሁ አድራሻችሁን በፎርም 8822 አሳውቁ። በራሱ የሚሠራው ነገር የሚያየው አድራሻችሁን ብቻ ነው።

እናንተ ሲልቨር ስፕሪንግ ሆናችሁ ታክስ የሚሠራላችሁ ሰው ቢሮ ወይም መዝገባችሁ አደጋ ቀጠናው ውስጥ ከሆነስ? መብቱ አላችሁ፤ ግን በራሱ አይመጣም። በአይአርኤስ የአደጋ መስመር 866-562-5227 ደውላችሁ ማስመዝገብ አለባችሁ። ከታወቀ የመንግሥት ወይም የበጎ አድራጎት ድርጅት ጋር ሆነው በቀጠናው የእርዳታ ሥራ የሚሠሩ ሰዎችም እንዲሁ።

ከጁላይ 2025 ጀምሮ ደግሞ ሕጉ ሰፍቷል። የፌደራል አዋጅ ሳይኖር የስቴቱ ገዢ አደጋ ካወጀና ከጠየቀ፣ ቀን መግፋት ተፈቅዷል። ስለዚህ የአይአርኤስን የአደጋ ገጽ በስቴታችሁ ስም ከፍታችሁ ማየት ከበፊቱ የበለጠ ይጠቅማል።

አማራጭ 2፦ እንደወትሮው በቀኑ መክፈል

ካውንቲያችሁ ተጠርቶም ቢሆን በድሮው ቀን መክፈል ትችላላችሁ። ማንም አይከለክላችሁም። ገቢው ሳይቋረጥ ለቀጠለ ሰው እኔ የምመርጠው ይህንን ነው። ጭንቀት የለውም፤ ኦክቶበር ላይ ክምር አይጠብቃችሁም።

ቢሆንም ለመክፈል ብላችሁ በክሬዲት ካርድ አትበደሩ። የካርድ ወለድ ከ20 በመቶ ማለፉ የተለመደ ነው። የአይአርኤስ ቅጣት በ2025 7 በመቶ ነበር፤ በማራዘሚያው ጊዜ ደግሞ ዜሮ ነው።

ትክክለኛው መካከለኛ መንገድ ቢኖር ይሄ ነው፦ ገንዘቡን በየሩብ ዓመቱ ወለድ ወዳለው የቁጠባ ሒሳብ አስገቡ፤ በተራዘመው ቀን ከዚያ ክፈሉ። አደጋው ሌላ ወጪ ይዞ ቢመጣ ገንዘቡ በእጃችሁ አለ። ባይመጣ ወለዱ የእናንተ ነው። ራሱን የሚያምን ሰው ብቻ ያድርገው።

አማራጭ 3፦ ቅጣቱ እንዲነሳ መጠየቅ

ይህ አዋጁ ላልደረሰላችሁ ሰዎች ነው። የእናንተ ቤት ብቻ ተቃጠለ። ከባድ ሕመም ደረሰባችሁ። ሕጉ «አደጋ ወይም ሌላ ያልተለመደ ሁኔታ» ደርሶ መቅጣት ፍትሐዊ ካልሆነ ቅጣቱ ይነሳል ይላል። ዕድሜው 62 ከሞላ በኋላ ጡረታ የወጣ፣ ወይም አካል ጉዳት የደረሰበት ሰውም፣ ላለመክፈሉ በቂ ምክንያት ካለው ሊጠይቅ ይችላል። የጊዜው ገደብ ግን ያ ታክስ ዓመት ወይም ከእሱ በፊት የነበረው ዓመት ነው።

የሚጠየቀው በፎርም 2210 ነው። በሁለተኛው ክፍል ተገቢውን ሳጥን ምልክት ታደርጋላችሁ፤ ምን እንደደረሰና በየትኛው ጊዜ እንደነበረ የሚያስረዳ ጽሑፍ ታያይዛላችሁ። የፖሊስ ወይም የኢንሹራንስ ሪፖርት፣ የሆስፒታል ወረቀት አብሮ ይሂድ። ቀኖቹን ከመክፈያ ቀኖቹ ጋር አገናኙ። «ሴፕቴምበር 3 ሆስፒታል ገባሁ፣ ኦክቶበር 10 ወጣሁ፣ ያላደረግኩት ክፍያ የሴፕቴምበር 15ቱ ነው» የሚል ጽሑፍ፣ «በጣም ከባድ ዓመት ነበር» ከሚል ሁለት ገጽ ይሻላል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር አለ። ካውንቲያችሁ በፌደራል አዋጅ ውስጥ ካለና ያልከፈላችሁት በዚያ ምክንያት ከሆነ፣ ፎርም 2210 አትሙሉ። መመሪያው ራሱ አትላኩ ይላል። አይአርኤስ አስልቶ የቀረ ካለ ደብዳቤ ይልካል።

አማራጭ 4፦ ገቢን በየወቅቱ ማስላት

በፎርም 2210 ውስጥ ሰኬጁል ኤአይ የሚባል ክፍል አለ። ገቢያችሁ በዓመቱ እኩል እንዳልመጣ ያሳያል። ከአውሎ ነፋሱ በኋላ ጣራ በመጠገን ወይም ዕቃ በማጓጓዝ ሥራ የበዛለት ሰው ገቢው የመጣው ዓመቱ መጨረሻ ላይ ነው። እሱን ይጠቅማል። ኤፕሪል ላይ ላልነበረው ገቢ አይቀጣም።

ገቢው የወረደበትን ሰው ግን ይህ አይረዳውም። የእሱ ገቢ የመጣው ከአደጋው በፊት ነውና። ለእሱ የሚሻለው የዘንድሮውን ታክስ እንደገና ገምቶ 90 በመቶውን መያዝ ነው። ገቢው ሲወርድ 90 በመቶውም አብሮ ይወርዳል። ያምናውን ቁጥር ይዞ መክፈሉን የቀጠለ ሰው የሚያጣው የለም፤ ትርፉ ተመላሽ ይሆናል። ግን በችግር ጊዜ ያንን ገንዘብ ለመንግሥት ማቆየት አያስፈልግም።

ወረቀቱ ብዙ ነው። ታክስ የሚሠራላችሁ ሰው ለዚህ ተጨማሪ ካስከፈለ፣ ቅጣቱ ስንት እንደሆነ መጀመሪያ ጠይቁ። 60 ዶላር ለማዳን 150 መክፈል አያዋጣም።

አማራጭ 5፦ በደሞዝተኛው በኩል ማስቆረጥ

ይህ በእኛ ቤቶች ውስጥ ከሁሉ የተረሳው ነው። ባል ሊፍት ይነዳል፤ ሚስት ሆስፒታል ትሠራለች። ወይም በተቃራኒው። ከደሞዝ የሚቆረጥ ታክስ፣ በየትኛውም ወር ቢቆረጥ፣ በዓመቱ አራት ቀኖች እኩል እንደተከፈለ ይቆጠራል። ኖቬምበር ላይ ሚስት ከደሞዟ ስንት እንደሚቆረጥ ለአሠሪዋ የሚነግረውን ፎርም ደብልዩ-4 ሞልታ በየደሞዙ ተጨማሪ 1,000 ዶላር እንዲቆረጥ ብታደርግ፣ ያ ገንዘብ ለኤፕሪሉም ለጁኑም እንደተከፈለ ይታያል። አዋጅ አያስፈልግም፤ ማመልከቻ የለም። ሁለቱ አብረው ታክስ የሚያሠሩ መሆን አለባቸው፤ ደሞዙም ያንን የሚችል። የአትላንታውን የሴፕቴምበር 16 ክፍተት በዚህ መንገድ መድፈን ይቻል ነበር።

ባጭሩ ሲታይ

| አማራጭ | ለማን ይሆናል | ወረቀት | የሚያስፈልገው ገንዘብ | ደካማ ጎኑ |
|---|---|---|---|---|
| የተራዘመ ቀን | ካውንቲው በአዋጅ ለተጠራ | የለም፤ ከቀጠና ውጭ ላለ ስልክ መደወል | በኋላ፣ በአንድ ጊዜ ብዙ | ዕዳ ይከማቻል፤ ከመነሻው ቀን በፊት ያለፈውን አያድንም |
| በቀኑ መክፈል | ገቢው ላልተነካ | የለም | በየሩብ ዓመቱ | በአደጋ ጊዜ እጅ ያሳጥራል |
| ቅጣት ማስነሳት | አዋጅ ለሌለውና የግል አደጋ ለደረሰበት፣ ለጡረተኛ፣ ለአካል ጉዳተኛ | ፎርም 2210፣ ጽሑፍ፣ ማስረጃ | ዋናው ታክስ ይከፈላል | ውሳኔው የአይአርኤስ ነው |
| በየወቅቱ ማስላት | ገቢው ዓመቱ መጨረሻ ላይ ለመጣ | ብዙ | የባለሙያ ክፍያ ሊኖር ይችላል | ገቢው ለወረደበት አይጠቅምም |
| ከደሞዝ ማስቆረጥ | በቤቱ ደሞዝተኛ ላለ | ፎርም ደብልዩ-4 | ከደሞዝ ላይ | ዓመቱ ከማለቁ በፊት መሆን አለበት |

እናንተ የትኛው ላይ ናችሁ?

ሥራችሁ ከቆመና ካውንቲያችሁ ከተጠራ፣ ማራዘሚያውን ውሰዱ። ሳትሳቀቁ ውሰዱት፤ ለእናንተ የተደረገ ነው። ግን ክፍያውን አዘግዩ እንጂ ታክሱን ማሠራት አታዘግዩ። ያምናው ታክስ ስንት እንደሆነ ካላወቃችሁ ሴፍ ሃርበራችሁንም አታውቁም። ተመላሽ ካላችሁ ደግሞ ገንዘባችሁን ቶሎ ታገኛላችሁ።

በተራዘመው ቀን ሙሉው ከሌላችሁ ያላችሁን ክፈሉ። የሚቆጠረው በቀረው ገንዘብ ላይ ብቻ ነው። ታክሱ ተሠርቶ ለገባ ያለፈ ዓመት ዕዳ በአይአርኤስ ድረ ገጽ ላይ የክፍያ ስምምነት መጠየቅ ይቻላል። በዚህ በኩል ሳይከፍሉ ዝም ማለት ከሁሉም ይከፋል።

ገቢያችሁ ካልተነካ፣ በቀኑ ክፈሉ። አዋጅ ከሌለና አደጋው የእናንተ ብቻ ከሆነ፣ ማስረጃ መሰብሰብ ዛሬ ጀምሩ፤ ፎርሙን የምትሞሉት በሚቀጥለው ዓመት ቢሆንም። በቤታችሁ ደሞዝተኛ ካለና ዓመቱ ካላለቀ፣ ከሁሉም በፊት ደብልዩ-4ን አስቡ።

ሠራተኛ የቀጠራችሁ ባለ ምግብ ቤቶች ለብቻ ተጠንቀቁ። ከሠራተኛ ደሞዝ ቆርጣችሁ የምታስገቡት የፔይሮል ታክስ እንደ ኢስቲሜትድ ታክስ አይገፋም። በሎስ አንጀለስ ጊዜ ምሕረቱ ከጃንዋሪ 7 እስከ ጃንዋሪ 22, 2025 ለነበረው ብቻ ነበር፤ ያውም እስከ ጃንዋሪ 22 ከገባ። የፔይሮል ታክስ ሪፖርቱ፣ ፎርም 941፣ ማስገቢያው ቀን ተገፍቷል፤ ገንዘቡ ግን አልተገፋም።

የስቴት ታክስም የራሱ ቢሮ አለው። ካሊፎርኒያ ለሎስ አንጀለስ ካውንቲ የፌደራሉን ኦክቶበር 15 ተከትሏል። ቴክሳስ የግለሰብ ገቢ ታክስ ስለሌላት ጥያቄው አይነሳም። ሌላ ስቴት ያላችሁ የስቴቱን የታክስ መሥሪያ ቤት ማስታወቂያ ለብቻው አንብቡ፤ የአይአርኤሱን ማራዘሚያ አይታችሁ የስቴቱን ክፍያ አትዝለሉ።